ጓያ ሰውን የሚሰብረው በምኑ ነው?

ከአንበሳሜ ወደ ሰሜን፣ ወደ ፎገራ ሜዳ የወረደ መንገደኛ የክረምቱ ውሃ በሸሸበት ዋልካ መሬት ላይ ሰማያዊ አበባ ያወጣ ጓያ ያያል። ገበሬው ጓያን የሚወድበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ብዙ እርሻ አይፈልግም፣ ውሃ ቢተኛበት ይችላል፣ ዝናብ ቢጠፋም ይታገሣል። ሌላው እህል ሲከዳ ጓያ አይከዳም። ጉዳቱም የሚመጣው ከዚሁ ታማኝነቱ ነው፤ በችጋር ዘመን ሰው ለወራት እርሱን ብቻ ይበላልና።

«ጓያ ሰበረው» የሚባለው ሰው አእምሮው ደኅና ሆኖ ሳለ እግሮቹ ይገተራሉ፣ ሲራመድም ይጠላለፋሉ። በሽታው የሚበረታው በወጣት ወንዶች ላይ ነው። አንዱ በአንድ ምርኩዝ፣ ሌላው በሁለት ይሄዳል፤ የባሰበት ይድሃል። የሚመልሰው መድኃኒት የለም።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1976 እና በ1977 በሽታው በደምቢያና በፎገራ ብዙ ሰው መታ። በኋላም ፕሮፌሰር ሬዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው የሰሜን ምዕራቡን ገጠር መርምረው ውጤቱን በ1990 አሳተሙ።

ሕዝቡ ግን ምክንያቱን በሌላ መንገድ ያስረዳ ነበር፤ አንዱ ጓያው ሲቀቀል የሚወጣው እንፋሎት ነው ሲል፣ ሌላው ገለባው ላይ መተኛት ነው ይላል። እንፋሎቱ በከንቱ ታማ። ጥፋተኛውን የኬሚስትሪ ሊቃውንት በ1964 በሕንድ አገር ከፍሬው ውስጥ አወጡት፤ ስሙም ኦዳፕ ይባላል። ይህ ቅንጣት ነርቮች መልእክት የሚላላኩበትን ግሉታሜት የተባለውን ንጥረ ነገር ይመስላል። ነርቡም በመልኩ ተታሎ ይቀበለዋል፤ ያለ ልክም ተነሣሥቶ ይጎዳል።

ዶክተር ኃይለኢየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው በ1990ዎቹ በደላንታና በዳውንት ከደረሰው ወረርሽኝ በኋላ ባደረጉት ጥናት እሸቱ፣ ቆሎውና ንፍሮው አደገኛ ሆነው ተገኙ። ከሌላ እህል ጋር ተቀላቅሎ ሲበላ ግን አደጋው ይቀንሳል፤ ጓያ የሚያንሰውን ድኝ ያለበትን የፕሮቲን ክፍል ጤፍና ገብስን የመሰሉት ይሰጡታልና። መርዙም በውሃ ስለሚሟሟ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት ይጠቅማል። ምክሩ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን በድርቅ ዓመት ውሃ ከሩቅ በእንስራ ተሸክማ የመጣች እናት እንዴት አድርጋ ትድፋው? የሚደባለቀውስ እህል ከየት ይምጣ? ይባስ ብሎ ድርቅ ሲበረታ በፍሬው ውስጥ ያለው ኦዳፕ ይጨምራል።

በ2006 «ዋሴ» የተባለ መርዙ ያነሰ ዘር በአገራችን ተለቀቀ፤ መርዙ ግን አንሷል እንጂ አልጠፋም። በዚያም ላይ ንቦች የጎረቤቱን ጓያ ብናኝ እያመጡ ዘሩን ይደባልቁታል።

ከዚህ የተነሣ ሊቃውንት ወደ ዘር ውርሱ ገቡ። የጓያ የዘር መጽሐፍ ከስድስት ቢሊዮን በላይ ፊደላት ያሉት፣ ከሰው እጥፍ የሚሆን ነው። በ2023 የታተመው ምርምር ይህን ካነበበ በኋላ ኦዳፕን ተባብረው የሚሠሩትን ኤንዛይሞች ለይቷል። እነዚህን የሚያዘውን ጂን ዝም ማሰኘት ቢቻል መርዝ የሌለው ጓያ ይገኝ ይሆናል። የፎገራና የደራ ገበሬ የሚጠይቀው ግን ሌላ ነው፤ መርዙ ከወጣለት በኋላ ያ ጓያ ድርቁን እንደ ቀድሞው ይችለዋልን?