ተጨማሪ መረጃ፦ የቮልስ ብሮንዚና ስንት ቁጥር?

አምቦ ወይም ጊንጪ ላይ የድሮ ቮልስ ሞተር ሲፈታ፣ ብሮንዚና ፍለጋ መርካቶ ሶማሌ ተራ ከመኬዱ በፊት ክራንክሻፍቱ ይለካ። ከአምቦ መንገዱ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በግምት የተገዛ ብሮንዚና ደግሞ ያመላልሳል።

በ1300፣ በ1500 እና በ1600 ሲሲ ሞተሮች ቢየላው የሚታሰርበት አንገት አዲስ ሳለ ዲያሜትሩ 55 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ተራ ካሊፐር እዚህ አይታመንም፤ የሚሊ ሜትር መቶኛ የሚያነብ ማይክሮሜትር ይያዝ። እያንዳንዱ አንገት አንዴ ከተለካ በኋላ በ90 ዲግሪ ዞሮ ይደገማል። ልዩነቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ካለፈ አንገቱ ሞላላ ሆኗልና ተፍቆ መስተካከል አለበት። 54.75 ገደማ ከተነበበ ግን ቀድሞ አንድ ጊዜ ተፍቋል ማለት ነው፤ የሚገዛው «0.25» የተጻፈበት ነው። ቁጥሩ ከአንገቱ ዲያሜትር የተቀነሰውን ይነግራል፤ እያንዳንዱ የብሮንዚና ግማሽ የሚወፍረው በ0.125 ብቻ ነው።