የካቢን አየር ግፊት ሲያንስ፦ በሰሜን ተራሮች ሰማይ

በአብዛኞቹ ጄቶች የካቢኑ አየር የሚመጣው ከሞተሩ ተጨምቆ ነው፤ መጠኑን የሚጠብቀው ትርፉን የሚያስወጣ ቫልቭ ነው። አውሮፕላኑ በ11,000 ሜትር ሲበር ተሳፋሪው ከ2,400 ሜትር ባልበለጠ ከፍታ ላይ የተቀመጠ ያህል ይተነፍሳል። የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ ራሱ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ነውና ለጎንደሬ ይህ እንግዳ አየር አይደለም።

ግፊቱ ወርዶ ካቢኑ የ4,200 ሜትር ያህል ከፍታ አየር ሲይዝ ጭምብሎቹ ከጣሪያ ይወርዳሉ። ራስ ደጀን ከዚህም ይበልጣል፤ 4,550 ሜትር ነው። ተራራውን የሚወጣ ሰው ግን በቀናት እየለመደ ነው የሚደርሰው። በ11,000 ሜትር አየሩ ድንገት ቢጠፋ አእምሮ በቅጡ የሚያስበው ከግማሽ እስከ አንድ ደቂቃ ብቻ ነው።

ስለዚህ አብራሪዎቹ ከሁሉ በፊት የራሳቸውን ጭምብል ያጠልቃሉ፤ ከዚያ ለበረራ ተቆጣጣሪ አሳውቀው ወደ 3,000 ሜትር ገደማ በፍጥነት ይወርዳሉ። በሰሜን ተራሮች ላይ ይህ አይሠራም፤ ገደሉ ይቀድማል። ከከፍተኛው ጫፍ ቢያንስ 600 ሜትር ልቆ ወደ ደንቢያና ጣና ዝቅ ያለ ምድር መታጠፍ፣ ከዚያ መውረድ ይሻላል። የተሳፋሪው ኦክስጅን በብዙ ጄቶች ከሩብ ሰዓት ብዙ አይዘልቅም፤ መውጫው አስቀድሞ የሚታሰበው ለዚህ ነው።

ነሐሴ 8 ቀን 1997 ዓ.ም. ከቆጵሮስ ወደ አቴንስ የበረረው የሄሊዮስ አየር መንገድ ቦይንግ 737 የግፊት መቆጣጠሪያው በእጅ ማዘዣ ላይ እንደተተወ ተነሣ። አብራሪዎቹ የማስጠንቀቂያውን ድምፅ ለሌላ ችግር ወስደው በኦክስጅን እጥረት ራሳቸውን ሳቱ፤ 121 ሰዎች አለቁ። ስለዚህ ጭምብል ሲወርድ ወላጅም ቢሆን መጀመሪያ ለራሱ፣ ቀጥሎ ለልጁ ያጥልቅ።