አርክቲክ መንኪስ፦ ዘፈኑን በነጻ ያደለው ባንድ

አርክቲክ መንኪስ በሰሜን እንግሊዝ በብረት ሥራዋ በምትታወቀው ሼፊልድ፣ ሃይ ግሪን በተባለ የከተማዋ ዳርቻ እ.ኤ.አ. በ2002 የተመሠረተ የኢንዲ ሮክ ባንድ ነው። ኢንዲ ሮክ መነሻው ከግዙፎቹ ኩባንያዎች ውጪ በትንንሽ ነጻ አሳታሚዎች በኩል የሚወጣ የጊታር ሙዚቃ ነው። በዚህ መንገድ ከተጓዙት ወጣቶች መካከል የእነዚህን ያህል በአጭር ጊዜ ከፍ ያሉ ጥቂት ናቸው።

ጎረቤታሞቹ አሌክስ ተርነርና ጄሚ ኩክ በ2001 ለገና በዓል ጊታር ተሰጣቸው። ጓደኛቸው ማት ሄልደርስ ድራም ላይ የተቀመጠው ወዶ ሳይሆን ሌላው መሣሪያ ሁሉ ተይዞ ስለቆየው ነው። ቤዝ ጊታሩን አንዲ ኒኮልሰን ያዘ። በጁን 2003 ግሬፕስ በተባለ የሼፊልድ መጠጥ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት ተጫወቱ።

ግጥሞቹን የሚጽፈው ድምፃዊው ተርነር ነው። የሚጽፈውም በዙሪያው ስላየው ነገር ነበር፦ የጭፈራ ቤት በር ላይ ወጣቱን አላስገባ ስለሚሉ ጠባቂዎች፣ ሌሊት ታክሲ ውስጥ ስለሚነሳ ጭቅጭቅ፣ ባንዱ በሚለማመድበት ሰፈር ጎዳና ላይ ስለሚቆሙ ሴቶች። ሲዘፍንም የአገሩን ቅላጼ አልደበቀም፤ በዚያ ዘመን ብዙ የእንግሊዝ ዘፋኞች ማይክ ሲይዙ አሜሪካዊ ለመምሰል ይሞክሩ ስለነበር ይህ ጎልቶ ተሰማ።

ሙከራ ቅጂዎቻቸውን እዚያው ሼፊልድ ውስጥ ቀርጸው፣ በኮምፒውተር ሲዲ ላይ እያባዙ ለታዳሚ በነጻ ያድሉ ነበር። ሲዲው ለሁሉም ስለማይዳረስ ያገኙት ላላገኙት በኢንተርኔት ያካፍሉ ጀመር። ማይስፔስ በተባለው ማኅበራዊ ድረ ገጽ ላይ የባንዱን ገጽ እንኳ የከፈቱት አድናቂዎች ናቸው። ብዙም ሳይቆይ ባንዱ በማያውቀው ከተማ መድረክ ሲወጣ፣ ገበያ ላይ ያልዋለውን ዘፈን ታዳሚው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቃሉ ይወርድለት ገባ። ጋዜጦቹ «የኢንተርኔት ባንድ» ያሏቸው ከዚህ ተነስተው ነው፤ አባባሉ ግን ግማሽ እውነት ብቻ ነው። ኢንተርኔቱ ያሠራጨው በየመጠጥ ቤቱ አዳራሽ ተፈትኖ ሰው የወደደውን ዘፈን ነበር።

ትልልቅ ኩባንያዎች ቢያንዣብቡም ባንዱ በ2005 የፈረመው ከዶሚኖ ጋር ነው። ዶሚኖ በ1993 ሎረንስ ቤል የመሠረተው የለንደን ነጻ አሳታሚ ነው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር የወጣው ነጠላ ዜማ ወዲያው የብሪታንያን ሰንጠረዥ መራ። በጃንዋሪ 2006 የመጀመሪያው አልበም ተከተለ፤ በአንድ ሳምንት ከ360 ሺህ ቅጂ በላይ ተሸጦ፣ እስከዚያ ድረስ በአገሪቱ ታሪክ ከየትኛውም ባንድ ወይም ዘፋኝ የመጀመሪያ አልበም ይልቅ በፍጥነት የተሸጠ ሆነ። አብዛኞቹን ዘፈኖች አድማጩ በነጻ ሲሰማቸው ከርሟል፤ ቢሆንም ወጥቶ ገዛ። ነጻ ቅጂ ገበያ ይገድላል ለሚሉ አሳታሚዎች ይህ የማይመች ማስረጃ ነበር። አልበሙ በሴፕቴምበር ለዓመቱ ምርጥ አልበም የሚሰጠውን የመርኩሪ ሽልማትንም ወሰደ።

ፍጥነቱ ዋጋ አስከፍሏል። ኒኮልሰን በ2006 በጉዞ ብዛት ዝሎ ከአሜሪካ ጉብኝት ቀረ፤ በጊዜያዊነት የተተካው ኒክ ኦማሊም በዚያው ጸና። ሁለተኛው አልበም ሳይዘገይ በ2007 ወጣ፤ በዚያው ዓመት ባንዱ የእንግሊዙን ትልቅ የሙዚቃ ፌስቲቫል የግላስተንበሪን ዋና መድረክ ሲዘጋ ተርነር ገና 21 ዓመቱ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያንኑ ድምፅ እየደገሙ መኖር ይችሉ ነበር፤ አልመረጡትም። ለ2009ኙ አልበም ከአሜሪካዊው ጊታር ተጫዋች ጆሽ ሆም ጋር ካሊፎርኒያ በረሃ ገብተው ከበድና ዘግየት ያለ ሙዚቃ ይዘው ተመለሱ። «ኤኤም» የተባለው የ2013 አልበም የሂፕ ሆፕ ምት ከከባድ ጊታር ጋር አዋህዶ አሜሪካን ከፈተላቸው። በ2018ቱ አልበም ደግሞ ተርነር ዘፈኖቹን በፒያኖ ስለጻፈ ጊታሩ ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ የድሮ አድናቂዎችም ክፉኛ ተከራከሩበት። ከመጀመሪያው አንስቶ በ2022 እስከወጣው «ዘ ካር» ድረስ ሰባቱንም አልበሞች ያሳተመው ዶሚኖ ነው።