የድረ ገጽ ስታይልሺት አደረጃጀትና አስተራረም

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች መመሪያዎቻቸውን፣ የጨረታና የቅጥር ማስታወቂያዎቻቸውን ለሕዝብ ከሚያደርሱባቸው መንገዶች አንዱ ድረ ገጽ ነው። ድረ ገጹ በብዙ አጋጣሚ ከመነሻው እንደ አዲስ የሚሠራ ሳይሆን፣ በተዘጋጀ ቴምፕሌት ላይ የመሥሪያ ቤቱን ዓርማ፣ ቀለምና የፊደል ዓይነት በማስገባት የሚደራጅ ነው። ይህን ገጽታ የሚወስነው ስታይልሺት የተባለው ፋይል በመሆኑ፣ በሥርዓት ካልተያዘ አነስተኛ እርማት እንኳ ማስታወቂያው እንዳይነበብ ሊያደርግ ይችላል።

ስታይልሺት የጽሑፍን ይዘት ከመልኩ ለይቶ ለመያዝ የሚያስችል አሠራር ነው። ሐሳቡን ኖርዌያዊው ሆኮን ቪዩም ሊ እ.ኤ.አ. በ1994 ያቀረበ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ደረጃ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1996 ጸድቋል። በዚህ አሠራር በሺህ የሚቆጠሩ ገጾችን የርእስ ቀለም አንድ መስመር ብቻ በማረም መለወጥ ይቻላል።

ሁለት ትእዛዞች በአንድ ጉዳይ ላይ ሲጋጩ ብራውዘሩ ይበልጥ ለይቶ የሚጠቅሰውን ይመርጣል፤ በዚህ እኩል ከሆኑ ደግሞ በኋላ የተጻፈውን ይቀበላል። ይህም ልዩ ሕግ ከአጠቃላይ ሕግ፣ የኋለኛው ሕግ ከቀደመው ይልቅ ተፈጻሚ ከሚሆንበት የሕግ አተረጓጎም ጋር ይመሳሰላል። በመሆኑም ትእዛዞች በየቦታው ከተበታተኑ፣ የተረሳ አሮጌ ትእዛዝ አዲሱን ሊሽረው ይችላል።

ችግሩን ለማስወገድ ፋይሉን በክፍል ማደራጀት ይገባል። በቅድሚያ ለመላው ገጽ የሚያገለግሉ ቀለሞችና የፊደል ዓይነቶች፣ ቀጥሎ የራስጌ፣ የዝርዝርና የግርጌ አቀማመጥ፣ ከዚያም ቅጾችና ሠንጠረዦች፣ በመጨረሻም ለተንቀሳቃሽ ስልክ የሚያገለግሉ ትእዛዞች ይሰፍራሉ። በእዝባርና በኮከብ ምልክት መካከል የሚጻፍ ማብራሪያ ብራውዘሩ ስለማያነበው፣ የእርማቱን ቀንና ምክንያት ለመመዝገብ ያገለግላል።

የቴምፕሌቱን ዋና ፋይል በቀጥታ ማረም አይመከርም። ዎርድፕሬስን በመሳሰሉ ሥርዓቶች የቴምፕሌቱ አዲስ እትም ሲጫን በዋናው ፋይል ላይ የተደረገው እርማት ይጠፋል። ማሻሻያው ቻይልድ ቲም በተባለው ተጓዳኝ ማኅደር ውስጥ ከተቀመጠ ግን ሳይነካ ይቆያል።

ለአማርኛ ጽሑፍ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ቢካተትም፣ ለላቲን ፊደል የተዘጋጀ ቴምፕሌት የሚጠራው ፎንት የአማርኛ ቅርጾች ላይኖሩት ይችላል። ስለዚህ እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለ ፎንት በስም መጥቀስ ያሻል። እንደ «ሉ» እና «ሊ» ያሉ ፊደሎች የሚለያዩት በትንሽ ቅጥያ በመሆኑ የፊደሉ መጠንና የመስመር ክፍተቱ ሊሰፋ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ዓለም አቀፍ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያም በመካከለኛ ደረጃው በመደበኛ ጽሑፍና በመደቡ መካከል ቢያንስ 4.5 ለ1 የንጽጽር መጠን እንዲኖር ይጠይቃል።

ከማናቸውም እርማት በፊት የፋይሉን ቅጂ ማስቀመጥ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ለውጥ ብቻ ማድረግና ውጤቱን በኮምፒዩተርም በስልክም መመርመር ያስፈልጋል። ለውጡ ካልታየ ብራውዘሩ ያስቀረው የቀድሞ ቅጂ ሊሆን ስለሚችል ገጹን ማደስ ተገቢ ነው።

ስታይልሺቱ በዚህ መልኩ ከተደራጀ፣ ሥራውን የጀመረው ባለሙያ ወደ ሌላ ክፍል ቢዛወር እንኳ ተተኪው ያለ ችግር ሊረከበው፣ የመሥሪያ ቤቱም መረጃ ሳይቋረጥ ለተገልጋዩ ሊደርስ ይችላል።