በላንጋኖ አካባቢ በጓሮ ወደሚቆፈር ኩሬ የኤሌክትሪክና የውኃ መስመር ስለ መዘርጋት

ላንጋኖ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ በምሥራቅ ሸዋና በአርሲ ወሰን ላይ፥ ከባሕር ወለል በላይ 1,585 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ የሚገኝ ሐይቅ ነው። ውኃው ከአርሲ ተራሮች ወርደው በሚገቡበት በገደምሶ፥ በሁሉቃ፥ በለጲስና በሌሎችም ወንዞች ይሞላል፤ የተረፈውም በሆራ ቀሎ በኩል ወደ አብያታ ይፈሳል። ቀለሙ ቡናማ መሆኑን ያየ እንግዳ ሁሉ ይደነቃል። ምክንያቱ እጅግ የላመ ደለል በውኃው ውስጥ ተንሳፎ ስለማይዘቅጥ ነው። በሐይቁ ዳርቻ ያለው አገር ሞቃትና ደረቅ ስለ ሆነ፥ በጓሮው ኩሬ የሚቆፍር ሰው አይታጣም፤ አንዱ ቆሮሶና አምባዛ ለማርባት፥ አንዱ ሽንኩርትና ቲማቲም ለማጠጣት፥ ሌላው ደግሞ የእንግዳ ማረፊያውን ግቢ ለማሳመር ይቆፍራል።

ኩሬ ብቻውን እንኳ ጥንቃቄ የሚፈልግ ነገር ነው። በ1995 ዓ. ም. በአማራና በትግራይ ክልሎች የዝናብ ውኃ ለማቆር ብዙ የቤተሰብ ኩሬዎች በዘመቻ በተቆፈሩ ጊዜ፥ ከእነዚህ ብዙዎቹ ውኃውን ወደ መሬት አሰርገው ባዶ ቀሩ፤ ውኃ የያዙትም አጥር ስላልተደረገላቸው ለሕፃንና ለከብት የሚያሰጉ ሆኑ፤ የወባ ትንኝ ይራባባቸዋል የሚል ፍርሃትም ነበረ። ዛሬ ግን በኩሬው ላይ ሁለት ነገር ተጨምሯል፤ ይኸውም ውኃውን የሚያመላልስ የኤሌክትሪክ ሞተርና ከከተማው መስመር የሚሳብ ቧንቧ ነው። ሁለቱም ጠቃሚዎች ናቸው፤ ሆኖም ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ተባለው፥ ያለ ሥርዓት ከተዘረጉ ባለቤቱን ሳያስጠነቅቁ ያጠፉታል።

ኤሌክትሪክ በውኃ አጠገብ ስለ ምን እንዲህ ክፉ እንደሚሆን አስቀድሞ ማስረዳት ይገባል። የሰው ቆዳ ደረቅ ሲሆን የኤሌክትሪክን ኃይል በመጠኑ ይከላከላል፤ ገላው ሲረጥብና እግሩ በጭቃ ሲቆም ግን ይህ መከላከያ ይፈርሳል። በአገራችን በየቤቱ የሚገባው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። በሰው ገላ ውስጥ 10 ሚሊ አምፔር፥ ማለት የአንድ አምፔር መቶኛ እጅ ያህል፥ ሲያልፍ ጡንቻው ይጨመደድና የያዘውን ሽቦ መልቀቅ ያቅተዋል፤ ከ30 ሚሊ አምፔር በላይ ሆኖ ከቈየ ደግሞ የልብን ምት ሊያዛባ ይችላል። ብዙ ሰው ግን በቤቱ ብሬከር ስላለ የተጠበቀ ይመስለዋል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ተራ ብሬከር የተሠራው ሽቦው ግሎ ቤቱ እንዳይቃጠል ነው እንጂ ሰውን ለማዳን አይደለም። 16 አምፔር የተጻፈበት ብሬከር ከዚያ መጠን በላይ እስኪያልፍበት ድረስ ዝም ይላል፤ ሰውን ለመግደል ግን የዚህ መጠን አምስት መቶኛ እጅ ሊበቃ ይችላል።

ስለዚህ ወደ ኩሬ የሚሄድ መስመር ሁሉ የኤሌክትሪክን ፍሳሽ የሚያውቅ ልዩ ብሬከር ሊኖረው ግድ ነው። የዚህም መሣሪያ ሥራ እህል ከጎተራ ሲወጣና ሲመለስ በቁና እየሰፈረ እንደሚቆጣጠር መጋቢ ነው። በአንዱ ሽቦ የሄደውን በሌላው ሽቦ ከተመለሰው ጋር ያስተያያል፤ የ30 ሚሊ አምፔር ጉድለት ሲያገኝ፥ የጎደለው በሰው ገላ ወይም በውኃ በኩል ወደ ምድር ፈስሷል ማለት ስለ ሆነ፥ ከሰከንድ ሲሶ ባነሰ ጊዜ መስመሩን ይቆርጣል። በገበያ ሲገዛም 30 ሚሊ አምፔር የሚል ጽሕፈት እንዳለበት ማየት ያስፈልጋል፤ 300 የሚለው እሳትን ለመከላከል እንጂ ለሰው የሚሆን አይደለምና። በላዩ ያለችውንም የመፈተኛ ቁልፍ በየወሩ አንድ ጊዜ ተጭኖ መቁረጡን ማረጋገጥ ይገባል። ለአንድ ሞተር ብዙ ገንዘብ አውጥቶ በዚህ መሣሪያ ዋጋ የሚሣሣ ሰው ማስተዋል የጎደለው ነው።

ከቤት እስከ ኩሬው ያለውን ሽቦ በዛፍ ላይ ወይም በአጥር ላይ መሳብ በየስፍራው የተለመደ ነው። አንዳንዱም የራሱ ቆጣሪ ሳይኖረው ከጎረቤቱ ቆጣሪ በቀጭን ሽቦ ያመጣል። እንዲህ ያለው ሽቦ በፀሐይ ልባሱ ተሰነጣጥቆ፥ ነፋስ ሲነካው ከእርጥብ ቆርቆሮ ጋር እየተገናኘ አጥሩን በሙሉ ኤሌክትሪክ ያደርገዋል። ስለዚህ ለመሬት ውስጥ የተሠራና የብረት ልባስ ያለው ገመድ መርጦ ከ60 ሳንቲ ሜትር በማያንስ ቦይ መቅበር ይሻላል፤ መኪና ወይም ትራክተር በሚያልፍበት ስፍራ ደግሞ ከዚያ ጠለቅ ብሎ በጠንካራ ቧንቧ ውስጥ ማሳለፍ ይገባል። በገመዱ ሥርና በላይ አሸዋ ይደረጋል፤ ከአሸዋው በላይ ጡብ ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ ይነጠፋል፤ ከዚያም ቀለም ያለው የማስጠንቀቂያ ጥብጣብ ይዘረጋና አፈር ይመለሳል። የበሬ ማረሻ ከ20 ሳንቲ ሜትር ብዙም አይወርድም፤ የትራክተር ማረሻ ከዚያ ይጠልቃል፤ ከሁሉ የሚያሰጋው ግን የመስኖ ቦይ በዶማ የሚቆፍር ሠራተኛ ነው፤ እርሱ ያለ ወሰን ይወርዳልና። የውኃው ቧንቧ በዚያው ቦይ ከገመዱ ጋር ተጣብቆ እንዳይተኛ፥ ቢቻል በሌላ ቦይ፥ ባይቻል ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ርቆ ይቀበር። ቧንቧው ሊጠገን የሚቆፈርበት ቀን መምጣቱ አይቀርም።

የገመዱ ውፍረትም እንደ ርቀቱ ነው። ለምሳሌ 5 አምፔር የሚወስድ ሞተር ከቤቱ 100 ሜትር ርቆ ቢተከልና ገመዱ የ1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ቢሆን፥ በመንገድ ላይ 12 ቮልት ያህል ይጠፋል፤ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ቢሆን ግን ጥፋቱ ከ5 ቮልት ያነሰ ነው። ሞተር ሲነሣ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ስለሚስብ በቀጭኑ ገመድ ላይ እያቃሰተ ይነሣል፤ በየጊዜውም ይግላል፤ በመጨረሻም ጥቅልሉ ይቃጠላል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በሻጩ ላይ ይደረጋል፤ የገመዱን ውፍረት የሚመረምር ግን ጥቂት ነው።

በላንጋኖ ዳርቻ ልዩ ጥንቃቄ የሚሻው ግራውንድ የሚባለው የምድር ሽቦ ነው። ይህ ሽቦ የሞተሩን ብረት በምድር ከተተከለ የመዳብ ዘንግ ጋር ያገናኛል፤ ኤሌክትሪኩም ወደ ብረቱ ቢያመልጥ በሰው ላይ ሳይሆን በምድር በኩል እንዲሄድ ያደርገዋል። ነገር ግን የዚህ አገር አፈር በእሳተ ገሞራ አመድና በውኃ ላይ በሚንሳፈፍ ቀላል ድንጋይ የተሞላ ስለ ሆነ፥ በበጋ ሲደርቅ ኤሌክትሪክን በደንብ አያሳልፍም። በክረምት ተለክቶ መልካም የሆነ ዘንግ በየካቲትና በመጋቢት ከንቱ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ዘንጉ ርጥበት እስኪያገኝ ጠልቆ ይግባ፤ አንዱ ባይበቃ ሁለት ወይም ሦስት ተራርቀው ይተከሉ፤ ልኬቱም በበጋ ይደረግ። አፈሩ ጨዋማ በሆነበት ስፍራ ብረት ቶሎ ስለሚበላ መጋጠሚያው በየዓመቱ ይታይ።

በኩሬው ውስጥ የሚጠልቀው ሞተር ለውኃ ውስጥ የተሠራ መሆን አለበት። ገመዱ ከሞተሩ እስከ ደረቅ ስፍራ ድረስ አንድ ወጥ ሆኖ ይምጣ፤ በውኃ ውስጥ በናስትሮ የተጠቀለለ ቅጥያ እንዳይኖር። የላንጋኖ ዓይነት የደፈረሰ ውኃ የተላጠ ገመድን ስለሚሰውር፥ በንጹሕ ውኃ ከሚደረገው ይልቅ እዚህ ጥንቃቄው ይበልጣል። ሶኬትና ቁልፍ ከኩሬው ጠርዝ ቢያንስ 2 ሜትር ርቀው፥ ዝናብ በማያገኛቸው ሣጥን ውስጥ ከፍ ብለው ይሰቀሉ። ለጌጥ በውኃ ውስጥ የሚበራ መብራት ከ12 ቮልት እንዳይበልጥ፥ ኃይሉን የሚቀንሰውም ትራንስፎርመር ከኩሬው ርቆ በደረቅ ስፍራ እንዲቀመጥ ይሁን። ብዙዎች የፀሐይ ኃይል አደጋ የለውም ይላሉ፤ ይህ ልክ አይደለም። ተከታትለው የተያያዙ የፀሐይ ሰሌዳዎች ከመቶ ቮልት በላይ ሊሰጡ ይችላሉ፤ ፀሐይ እስካለችም ድረስ የሚያጠፋቸው ስለሌለ በመጋጠሚያቸው በኩል መቁረጫ ቁልፍ ያስፈልጋቸዋል።

ዓሣ የሚያረባ ሰው ሕይወታቸውን በሞተር ላይ ብቻ እንዳይመሠርት ማሰብ አለበት። በኩሬ ውስጥ ዓሣ የሚተነፍሰው አየር የሚያንሰው ሌሊቱ ሊነጋ ሲል ነው፤ መብራት በዚያ ሰዓት ቢጠፋ ብዙ ዓሣ የታጨቀበት ኩሬ በአንድ ንጋት ሊያልቅ ይችላል። የዓሣውን ቍጥር ያለ ሞተር ሊኖር በሚችልበት ልክ መወሰን ከማናቸውም ተጠባባቂ መዘውር ይበልጣል።

ስለ ውኃው መስመር ስንመለስ፥ ከሁሉ የከፋውና ከሁሉ ይልቅ የተረሳው አደጋ የኩሬው ውኃ ወደ መጠጥ ውኃ መመለሱ ነው። ነገሩም እንዲህ ይሆናል። ባለቤቱ ከከተማው ቧንቧ ጎማ ስቦ ጫፉን በኩሬው ውስጥ ያጠልቅና ሩቢኔቱን ከፍቶ ይሄዳል። ውኃ በፈረቃ በሚታደልበት ከተማ መስመሩ በድንገት ይዘጋል፤ ዝቅ ባለው ሰፈር ያሉት ሰዎች የቀረውን ውኃ ሲቀዱ በቧንቧው ውስጥ ባዶነት ይፈጠራል። ያን ጊዜ ጎማው ሥራውን ገልብጦ የኩሬውን ውኃ ከነጭቃው፥ ከነፋንድያውና ከነዓሣው ቆሻሻ ይመጥጣል። ፈረቃው ሲመለስ ይህ ሁሉ በጎረቤቱ ማሰሮ ውስጥ ይወርዳል። የታመመው ሰው ከሦስት ቤት ማዶ ስለሚሆን ምክንያቱን የሚያውቅ አይኖርም። መድኃኒቱ ቀላልና ርካሽ ነው፤ የቧንቧው አፍ ከኩሬው ከፍተኛ የውኃ ልክ በላይ፥ ቢያንስ የቧንቧውን ስፋት ሁለት እጥፍ ያህል ከፍ ብሎ በአየር ላይ ይንጠልጠል፤ ውኃው እየወደቀ ይግባ። በዚህ ላይ ውኃን ወደ ኋላ የማይመልስ ቫልቭ ቢጨመር መልካም ነው፤ ነገር ግን ቫልቭ በአሸዋ ተይዞ ክፍት ሊቀር ስለሚችል የአየሩን ክፍተት የሚተካው የለም።

የቧንቧው ዓይነት ደግሞ እንደ ውኃው ይመረጣል። በአሉቶ ተራራ ከ1974 ዓ. ም. ጀምሮ ለኤሌክትሪክ ተብለው ጥልቅ ጉድጓዶች የተቆፈሩበት፥ በ1990ዎቹ ዓ. ም. መጀመሪያም በምድር እንፋሎት የሚሠራ የሙከራ ጣቢያ የቆመበት ምክንያት የዚህ አገር ምድር ከሥሩ ትኩስ መሆኑ ነው። በሐይቁም ዳርቻ ፍል ውኃ ይፈልቃል። ስለዚህ የጉድጓድ ውኃ ትኩስ ሆኖ ቢወጣ ነጩ ፕላስቲክ ቧንቧ ይለሰልሳልና አስቀድሞ በታንከር ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል፤ ለዓሣም ቢሆን ትኩስ ውኃ ሞት ነው። ነጩ ቧንቧ በፀሐይ ሲቀመጥ ይሰባበራል፤ ከመሬት በላይ ለሚታየው መስመር ጥቁሩ ይሻላል። የቧንቧውም ስፋት አይናቅ፤ ያው መጠን ውኃ ስፋቱ በግማሽ በተቀነሰ ቧንቧ ውስጥ ሲያልፍ የሚገጥመው ግጭት 30 እጥፍ ያህል ስለሚያድግ፥ ሞተሩ ውኃ በመግፋት ፈንታ ከቧንቧው ጋር ሲታገል ይውላል።

ከዚህ በቀር በስምጥ ሸለቆ የብዙ ጉድጓዶች ውኃ ፍሎራይድ የበዛበት መሆኑ የታወቀ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ የፈቀደው ልክ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፥ ከዚያ ሲበልጥ የልጆችን ጥርስ ያበላሻል፤ እጅግ ሲበዛም አጥንትን ያጎብጣል። ለኩሬ ተብሎ የተቆፈረ ጉድጓድ ሳይመረመር ለመጠጥ እንዳይውል፥ ሩቢኔቱም በቀለም ተለይቶ እንዲታወቅ ማድረግ ይገባል። በክሎሪን የታከመ የከተማ ውኃ ደግሞ ለሰው መልካም ሲሆን ለዓሣ መርዝ ስለ ሆነ በክፍት ታንከር አንድ ሁለት ቀን ማሳደር ያሻል።

ምናልባት ሰው በኤሌክትሪክ ቢያዝ፥ ባየው ሰው ላይ የሚነሣው የመጀመሪያ ሐሳብ ሮጦ ማውጣት ነው፤ ሁለተኛው ሰው የሚሞተውም በዚህ ነው። አስቀድሞ ብሬከሩ ይውረድ ወይም ስፒናው ይነቀል፤ ከዚያ በኋላ ሰውየው ይውጣ፤ ካልተነፈሰም ደረቱን በመጫን እየረዱ ወደ ሐኪም ይወሰድ። ስለዚህ የብሬከሩ ሣጥን የት እንዳለ የቤቱ ሰው ሁሉ፥ ሠራተኛና ልጅ ሳይቀር፥ እንዲያውቅ ያስፈልጋል። ኩሬውን የሚያጸዳም ሰው እጁን ወደ ውኃ ከማስገባቱ በፊት ስፒናውን ነቅሎ በኪሱ ወይም በዓይኑ ሥር ያኑር።

በየወረዳው ያሉ ሹማምንት ኩሬ እንዲቆፈር ሲፈቅዱ ጥቂት ነገር ቢጠይቁ ብዙ ጥፋት ይቀራል። መስመሩን የሚዘረጋው የብቃት ማረጋገጫ ያለው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ መሆኑን፥ ኩሬው አጥር እንዳለው፥ ገመዱና ቧንቧው የተቀበሩበትን ስፍራ የሚያሳይ ንድፍ መሠራቱን ይመርምሩ፤ የንድፉም አንድ ቅጂ በጽሕፈት ቤቱ ይቀመጥ። ባለቤቱ ይሞታል፥ ይዞታውም ወደ ሌላ ይተላለፋል፤ የተቀበረው ገመድ ግን በዚያው ስፍራ ይቆያል። ውኃው ከሐይቁ ወይም ከወንዝ የሚሳብ ከሆነ ደግሞ ስለ መጠኑ ይጠየቅ። ጎረቤቱ አብያታ ብዙ የሸሸው፥ ዝዋይንና ወንዞቹን ለመስኖ በሚስቡ ሞተሮች፥ ከራሱም ሐይቅ ለሶዳ አመድ ሥራ በተቀዳው ውኃ ምክንያት መሆኑ በጥናት ተገልጿል። አንድ የጓሮ ኩሬ ለዚህ ትንሽ ነው፤ አንድ ሺሕ ኩሬ ግን ትንሽ አይደለም፤ ከላንጋኖ በሆራ ቀሎ የሚወርደውም ውኃ የሚደርሰው ወደዚያው ወደ አብያታ ነው።