ቴክስታይል የሚመርጥ ልጅ ምን ይማራል?

እንግሊዝ አገር የሚማር ልጅ 13 ወይም 14 ዓመት ሲሞላው የትምህርት ምርጫ ቅጽ ይዞ ቤት ይመጣል። ሂሳብ፣ እንግሊዝኛና ሳይንስ ግዴታ ናቸው። ከእነሱ በታች ታሪክ፣ ጂኦግራፊ፣ ፈረንሳይኛ፣ ኮምፒውተር፣ ሙዚቃ እየተባለ ይደረደራል፤ በብዙ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ከዝርዝሩ ጫፍ አካባቢ ቴክስታይል አለ። የሐበሻ ወላጅ እዚህ ላይ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ፊቱ ይለወጣል፦ «ልብስ ስፌት እንድትማሪ ነው እንዴ ባሕር ማዶ የመጣነው?»

ጥያቄው ከየት እንደሚመጣ የታወቀ ነው። ሸማኔን፣ ቀጥቃጭንና ሸክላ ሠሪን ዝቅ አድርጎ ማየት አገራችን የኖረችበት ልማድ ነው፤ አፄ ምኒልክ ባለ እጅን የሚሳደብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ልማዱ ግን ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ሄትሮው አየር ማረፊያ ድረስ መጥቷል። ልጆቹም በበኩላቸው ከእውነቱ ይርቃሉ፤ «የጽሑፍ ፈተና የለውም» ሲባል ስለሚሰሙ ይቀላል ብለው ይመርጡታል። ወላጁ ይንቀዋል፣ ልጁ ያቀልለዋል፤ ትምህርቱን ግን ሁለቱም አያውቁትም።

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት፣ ጨርቅ በእንግሊዝ ትምህርት ቤት በሁለት በር እንደሚገባ ነው። አንደኛው በር ሥነ ጥበብ ነው፤ ተማሪው ሥዕል ወይም ፎቶግራፍ እንደሚመርጠው ሁሉ የጨርቅ ዲዛይንን ይመርጣል። ሁለተኛው ዲዛይንና ቴክኖሎጂ የሚባለው ነው። በዚህ በኩል ቀድሞ ቴክስታይል ራሱን የቻለ የምስክር ወረቀት ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2017 መማር በተጀመረው አዲስ ሥርዓት ግን ከእንጨት፣ ከብረት፣ ከፕላስቲክና ከሌሎቹ ጋር በአንድ ስም ተጠቃለለ፤ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎችም በ2019 ተፈተኑ። ዛሬ ትምህርት ቤቱ በቅጹ ላይ «ቴክስታይል» ብሎ ከጻፈ አብዛኛውን ጊዜ የሥነ ጥበቡን በር ማለቱ ነው።

በሥነ ጥበቡ በር 60 በመቶው ነጥብ ተማሪው ለሁለት ዓመት ገደማ ከሚያጠራቅመው ሥራ ይመጣል። 40 በመቶው ከፈታኙ ቦርድ ከሚሰጥ ሥራ ነው። ቦርዱ በጃንዋሪ መጀመሪያ ርዕሶችን ያወጣል፤ ተማሪው አንዱን መርጦ ለሳምንታት ይዘጋጅበታል፣ በመጨረሻም ተቆጣጣሪ ባለበት ክፍል በድምሩ 10 ሰዓት ተቀምጦ ይሠራል። አራሚው ነጥቡን በአራት እኩል ድርሻ ይከፍለዋል፦ ሐሳቡ ከምን ምርምር እንደተነሣ፣ በስንት ዓይነት ዕቃና ዘዴ እንደተሞከረ፣ ያየውን እንዴት እንደሳለና እንደጻፈ፣ በመጨረሻ ደግሞ ያለቀው ሥራ። ያለቀ ቀሚስ እንግዲህ የሚገባው በአራተኛው ድርሻ ነው። ሙሽራ የምታስመስል ቀሚስ ሰፍታ ደብተሯን ባዶ ያቀረበች ልጅ ሩቅ አትሄድም።

ስለዚህ ደብተሩን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። አንዲት ተማሪ የእናቷን የሐበሻ ቀሚስ መነሻ አደረገች እንበል። ጥለቱን በስልክ አንስቶ መለጠፍ ብቻውን ብዙም አያስገኝም። ጥሩ ደብተር የሚጀምረው ከጥለቱ ሁለት ጣት የምታህል ቦታ መርጦ፣ በማጉያ መነጽር እያዩ ክሩን በእርሳስ በመከተል ነው። ቀሚሱ በእጅ የተሸመነ ከሆነ ልጅቷ በየበዓሉ እየለበሰች ያላስተዋለችውን የምታየው ያን ጊዜ ነው፦ ባለ ቀለሙ ክር ከላይ አልተሰፋም፤ ሲሸመን በድሩ መሐል የገባ ተጨማሪ ማግ ነው። ሸማኔው መወርወሪያውን ወርውሮ ነጩን ማግ ካሳለፈ በኋላ ቆም ይላል፤ ድሩን በጣቱ እየቆጠረ ቀለሙን በየቦታው ያስገባል፤ እንደገና ይወረውራል። መስቀልም ይሁን ሌላ ቅርጽ፣ የጥለት ጠርዝ ደረጃ በደረጃ የሚወጣው ለዚህ ነው። ድርና ማግ ቀጥ ብለው ስለሚተላለፉ ክብ መስመር አይወዱም።

ከዚያ ገጹ ይገለበጣል። ያንኑ ቅርጽ ሊኖ በሚባለው ለስላሳ ንጣፍ ላይ ቀርጻ በጨርቅ ታትመዋለች። ቀጥላ የቀለጠ ሰም ቀብታ በቀለም ትነክረዋለች፤ ሰም የነካው ቦታ ቀለም አይጠጣም። ሌላ ቀን በጥቁር ጥጥ ላይ በበረኪና ትሥላለች። ከየሙከራው ጎን ደግሞ የሆነውን ትጽፋለች፤ «በረኪናው ብዙ ስለቆየ ጨርቁ ሳሳ፣ በሚቀጥለው ቶሎ አጥባለሁ» ብላ። የተበላሸው ቁራጭ አይጣልም፤ ከነማብራሪያው ይለጠፋል። ይህ ለእኛ ልጆች ይከብዳቸዋል፤ ንጹሕ ደብተር እንዲያሳዩ ነው ያሳደግናቸው።

ምርምር ሲባልም ኢንተርኔት ብቻ አይደለም። ለንደን ያለው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የጨርቅ ተማሪዎች ሁሉ መንገድ ነው። ብዙዎቹ የሚወሰዱት ወደ ዊልያም ሞሪስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1883 የወጣውን፣ ወፎች እንጆሪ ሲሰርቁ የሚያሳየውን የታወቀ ጨርቁን ያያሉ። ጥሩ ነው፤ ግን ሺህ ተማሪ የሳለውን ወፍ መድገም ነው። በዚያው ሙዚየም ስብስብ ውስጥ የአፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ ቀሚስ አለ፦ ጥጥ ሆኖ በሐር ክር የተጠለፈ። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ ዘመቻ በኋላ ወደ ለንደን የተወሰደ ነው፤ በ2018፣ በ150ኛው ዓመት፣ ከሌሎቹ የመቅደላ ዕቃዎች ጋር ለእይታ ቀርቦ ነበር። ልጅቷ የጥልፉን አጠላለፍ ብቻ ሳይሆን ቀሚሱ እዚያ እንዴት እንደደረሰም በደብተሯ ከጠየቀች፣ አራሚው የሚፈልገውን ምርምር አገኘ ማለት ነው።

የስፌት መኪናውም ቀጥ ላለ ስፌት ብቻ አይደለም። ከመርፌው ሥር ጨርቁን ወደ ኋላ የሚገፉ ጥርሶች አሉ። እነሱ ዝቅ ሲሉ መኪናው ጨርቁን መጎተት ይተዋል፤ መርፌው ግን ይወጣል ይወርዳል። ጨርቁን በጥልፍ ክብ ወጥሮ በሁለት እጅ ማንቀሳቀስ እንግዲህ የተማሪው ፋንታ ነው፤ እርሳሱ ቆሞ ወረቀቱ የሚሄድበት ሥዕል ነው። እጅ ፈጥኖ ፔዳል የረገጠው እግር ከዘገየ ስፌቱ ይረዝማል፣ መርፌም ይሰበራል። እግር ፈጥኖ እጅ ከዘገየ ክሩ አንድ ቦታ ላይ ይቋጠራል። ሁለቱ እስኪስማሙ ብዙ ክር ያልቃል።

በሁለተኛው በር ነገሩ ይለወጣል። በዲዛይንና ቴክኖሎጂ ግማሹ ነጥብ የጽሑፍ ፈተና ነው፤ ሌላው ግማሽ ተማሪው አቅዶ የሚሠራው አንድ ዕቃ ነው። ከጽሑፍ ፈተናው ቢያንስ 15 በመቶው ሂሳብ ነው። ስለ ጨርቅ የሚጠየቀውም ከምን እንደተሠራ፣ ለምን እንደሚለጠጥ፣ ውሃ ለምን እንደሚይዝ ነው። ከትምህርቱ ሁሉ ቤት ውስጥ የምትጠቅመዋ የእሳት ሙከራ ናት። የጥጥ ክር እንደ ወረቀት ይነዳል፣ ለስላሳ ግራጫ አመድም ይተዋል፤ ሁለቱም ከዕፅዋት ናቸውና። ሱፍና ሐር የተቃጠለ ፀጉር ይሸታሉ፤ ከእንስሳ የተገኙ ስለሆኑ ሥሪታቸው ከፀጉር ጋር ይዛመዳል። ፖሊስተር ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝም ጠንካራ ዶቃ ይሆናል፤ ከነዳጅ የተሠራ ፕላስቲክ ነው። በማሽን የታተመ የሐበሻ ቀሚስ «ንጹሕ ጥጥ» ተብሎ ሲሸጥ፣ ከጠርዙ አንዲት ክር ስቦ በወረንጦ ይዞ ክብሪት መጫር ክርክሩን ይጨርሰዋል።

ከዚያ ወዴት ይኬዳል? እዚህ ላይ ወላጅም ልጅም ተጠንቅቀው ማሰብ አለባቸው። አገር ቤት ቴክስታይል ሲባል ምሕንድስና ነው፤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ያለው የቴክስታይል ኢንስቲትዩት ከፋሽን ዲዛይን ጎን የቴክስታይል፣ የጋርመንትና የቆዳ መሐንዲሶችን ያስተምራል። የእንግሊዙ የሥነ ጥበብ በር ግን በቀጥታ ወደዚያ አያደርስም። የሚያደርሰው በ16 ዓመት ወደሚጀመረው የሁለት ዓመት ትምህርት፣ ቀጥሎም ወደ ፋሽን፣ ወደ ጨርቅ ኅትመት፣ ወደ ቲያትርና ፊልም አልባሳት ነው። ክር በማምረትና በማቅለም ኬሚስትሪ ላይ መሥራት የሚፈልግ ልጅ ቴክስታይልን ቢወስድ ጥሩ ነው፤ ሂሳብንና ኬሚስትሪን ግን እስከ መጨረሻው ይዞ መሄድ አለበት።

ሌላም ነገር አለ። መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ትምህርት ቤቶችን በተወሰኑ ትምህርቶች ሲመዝን ኖሯል፤ እንግሊዝኛ፣ ሂሳብ፣ ሳይንስ፣ የውጭ ቋንቋ፣ ታሪክ ወይም ጂኦግራፊ ነበሩ። ሥነ ጥበብ በዚህ ውስጥ ስላልነበረ አንዳንድ ርዕሰ መምህራን ልጁን ወደ ሌላ ይገፉ ነበር። ግፊቱ የትምህርት ቤቱን መመዘኛ የሚመለከት ነበር፤ ለልጁ ውጤቱ እንደ ማንኛውም ትምህርት ይቆጠርለታል። የእኔ አስተያየት፣ መሳል የሚወድና እጁ ሥራ የማይፈራ ልጅ ከባዶቹ ትምህርቶች ጎን አንድ ቦታ ይስጠው ነው። መሳል የሚጠላ ግን፣ ልብስ ስለወደደ ብቻ ባይገባበት ይሻላል፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ደብተር መሙላት ያስጠላዋል።

ቅጹ ከመፈረሙ በፊት ትምህርት ቤቱ ወላጆችን የሚጠራበት ምሽት አለ። እዚያ የቴክስታይል መምህሯን ባለፈው ዓመት ከፍተኛ ያገኘውንና መካከለኛ ያገኘውን ደብተር ጎን ለጎን እንድታሳይ መጠየቅ ይቻላል፤ ብዙዎቹ ደስ እያላቸው ያሳያሉ። የጨርቅና የክር ወጪ የማን እንደሆነም ይጠየቅ። ምርጫው በዲዛይንና ቴክኖሎጂ በኩል ከሆነ ደግሞ ትምህርት ቤቱ የስፌት መኪና ያለው ክፍልና ጨርቅ የሚያውቅ መምህር እንዳለው ማረጋገጥ ነው፤ አለበለዚያ ልጅቷ ጨርቅ ብላ ገብታ ሁለት ዓመት እንጨት ስትሞርድ ትቆያለች።