የስልክ ትልቅነት በምን ይለካል? ስለ መመለስስ ሕጉ ምን ይላል?

ስልክ ለመግዛት በሚያስቡ ሰዎች ዘንድ ከአፍ ወደ አፍ የሚዘዋወር፣ በአጫጭር ቪዲዮዎችም እንደ ተፈተነ እውነት የሚሰበክ አንድ ምክር አለ፤ ይኸውም «ከሁለት ስልኮች የቱ እንደሚሰፋ ለማወቅ ኢንቹን ብቻ ተመልከት፤ ገዝተህ ካልወደድኸውም በአውሮፓም በአሜሪካም ሕጉ ዐሥራ አራት ቀን ስለሚሰጥህ ያለ ምክንያት ትመልሰዋለህ» የሚል ነው። ምክሩ አጭር በመሆኑ ለቃል ይመቻል፤ ነገር ግን ፊተኛው ግማሹ ከጂኦሜትሪ፣ ኋለኛው ግማሹም ከሕግ ጋር ስለሚጣላ፣ ሰምቶ ዝም ማለት የሰውን ገንዘብ ለከንቱ ማስፈጀት ይሆናል።

ስለ ካሜራው፣ ስለ ባትሪውና ስለ ማከማቻው ሻጩ ሳይጠየቅም ስለሚያወራ እኛ እናልፈዋለን፤ አንድ ኢንች 2.54 ሴንቲ ሜትር መሆኑንም አንባቢ ያውቀዋል። ሳይነገር የሚቀረው ኢንቹ በየት በኩል እንደሚለካ ነው። በማስታወቂያ ላይ የምናነበው 6.3 ወይም 6.9 የሚል ቁጥር የስክሪኑ ወርድ አይደለም፤ ቁመቱም አይደለም፤ ከታችኛው ማዕዘን ተነሥቶ በላይ በኩል እስካለው ተቃራኒ ማዕዘን ድረስ የሚዘረጋው የሰያፍ መስመር ርዝመት ነው እንጂ። (ዲያጎናል ማለት የለመደ አንባቢ በዚያው ስም ቢጠራው አንቃወምም።)

ልማዱ የተወረሰው ከቴሌቪዥን ነው። የቀድሞዎቹ የቴሌቪዥን ቱቦዎች ፊታቸው ክብ ስለ ነበረ መጠናቸው በክቡ ዲያሜትር ይነገር ነበር፤ በክብ ውስጥ ልክ የገባ አራት ማዕዘንም ሰያፉ ከክቡ ዲያሜትር ጋር እኩል ነው። በኋላ መስተዋቱ ራሱ አራት ማዕዘን ሲሆን ክቡ ቀረ፣ አለካኩ ግን ጸና። ቴሌቪዥኖች በአንድ ቅርጽ፣ ማለት 4 ለ 3 በሆነ ምጥጥን በሚሠሩበት ዘመን ይህ ማንንም አልጎዳም፤ ቅርጹ አንድ እስከ ሆነ ድረስ ሰያፉ የረዘመው ስፋቱም መብለጡ አይቀርምና። መሳሳት የመጣው ቅርጾቹ ሲለያዩ ነው።

አንድ አባት ለሁለት ልጆቹ ርስት ሲያካፍል፣ መሬቱን በወርድና በቁመት መለካቱን ትቶ፣ አንድ ገመድ አንሥቶ በእያንዳንዱ ድርሻ ላይ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ቢዘረጋ፣ ገመዱም በሁለቱ ላይ እኩል ስለ ደረሰ «እኩል አካፍያችኋለሁ» ብሎ ቢያሰናብታቸው፣ ድርሻው አራት ጎኑ የተካከለው ልጅ ደስ ብሎት ዝም ሲል፣ በወንዙ ዳር ቀጭንና ረጅም ቁራጭ የደረሰው ልጅ ግን በመከር ጊዜ ጎተራው ሳይሞላ ሲቀር መበደሉን ይረዳዋል። በገመዱ ሐሰት የለበትም፤ ስሕተቱ ርዝመትን በስፋት ምትክ መቀበሉ ነው።

ምክንያቱ በፓይታጎረስ ስም ከሚጠራው ሕግ ይገኛል። የወርዱ ካሬና የቁመቱ ካሬ ሲደመሩ የሰያፉን ካሬ ስለሚሰጡ፣ ሰያፉ ሳይለወጥ ቁመቱ ከረዘመ ወርዱ የግድ ይቀጥናል፤ ስፋት ደግሞ የሁለቱ ብዜት እንጂ ድምራቸው ስላልሆነ፣ ቁመቱ በጥቂት ሲያድግ ወርዱ ከዚያ በበለጠ እያነሰ ብዜቱን ወደ ታች ይጎትተዋል። ሰያፉን በራሱ አባዝተን፣ ስፋቱ ከዚያ ብዜት ስንት እጅ እንደ ሆነ ብንጠይቅ፣ አራት ጎኑ እኩል የሆነው ቅርጽ ከመቶ 50፣ 4 ለ 3 የሆነው 48፣ 16 ለ 9 የሆነው 42.7፣ 20 ለ 9 የሆነው 37.4፣ 21 ለ 9 የሆነው ደግሞ 36.2 ይደርሰዋል። ስልኮችም ባለፉት ዓመታት የሄዱት በዚሁ ቁልቁለት ነው፤ እ.ኤ.አ. እስከ 2017 ድረስ አብዛኞቹ 16 ለ 9 ሆነው ሲሠሩ ቆይተው፣ በዚያ ዓመት ኤልጂ ጂ6 18 ለ 9፣ ጋላክሲ ኤስ8 18.5 ለ 9 ሆነው ወጡ፤ በ2019 የወጣው የሶኒ ኤክስፔሪያ 1 ደግሞ 21 ለ 9 ደረሰ።

ነገሩን ቀረብ ብለን እንመርምረው። 16 ለ 9 የሆነ ባለ 6.0 ኢንች ስክሪን ወርዱ 7.47፣ ቁመቱ 13.28 ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን ስፋቱ 99.2 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። 20 ለ 9 የሆነ ባለ 6.3 ኢንች ስክሪን ደግሞ ወርዱ 6.57፣ ቁመቱ 14.59 ሆኖ ስፋቱ 95.8 ብቻ ይመጣል። በቁጥር የበለጠው በስፋት አነሰ ማለት ነው። የሚብሰው ግን ሌላ ነው፤ ብዙው ቪዲዮ የሚዘጋጀው 16 ለ 9 ሆኖ ስለሆነ፣ ስልኩን አጋድሞ ፊልም የሚያይ ሰው በቀጭኑ ስክሪን ላይ ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ ሥዕሉ በመካከል ይቀርለታል፤ ያ ሥዕል 6.57 በ11.68 ሴንቲ ሜትር፣ ማለት ወደ 77 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን፣ ባለ 6.0 ኢንቹ ከሚያሳየው ሥዕል ሩብ ሊሆን ጥቂት በቀረው መጠን ያንሳል። ዳዊቱን በስልክ ለሚደግም ሰውም ወርዱ 9 ሚሊ ሜትር ሲቀነስ በየመስመሩ የሚገባው ፊደል ይጎድላል፤ የመተየቢያው ፊደል ገበታም ለጣቱ ይጠብበታል።

በገበያ ላይ ከወጡት ምስክር እንጥራ። በ2017 የወጣው አይፎን 8 ፕላስ ስክሪኑ 5.5 ኢንች፣ ገላው 78.1 ሚሊ ሜትር ወርድ ሲኖረው፣ በ2024 የወጣው አይፎን 16 ፕሮ ማክስ ስክሪኑ 6.9 ኢንች ሆኖ ሳለ ገላው 77.6 ሚሊ ሜትር ነው። በኢንች እጅግ የበለጠው በመዳፍ ውስጥ በጥቂቱም ቢሆን ይጠባል። የዚህ ምክንያቱ የምጥጥኑ መቅጠን ብቻ እንዳልሆነ ግን መናገር ይገባል፤ ከስክሪኑ በላይና በታች የነበረው ባዶ ጠርዝ፣ ክቡ ቁልፍም ጭምር፣ ስለ ተነሣ ነው። ወደ ካሬ ከሚጠጋው ወገን ደግሞ በ2021 የወጣው ታጣፊው ጋላክሲ ዜድ ፎልድ 3 አለ፤ የውስጥ ስክሪኑ 7.6 ኢንች ሲሆን፣ ከ6.9 ኢንቹ አይፎን በሰያፍ የሚበልጠው ከመቶ 10 ብቻ፣ በስፋት የሚበልጠው ግን ከግማሽ በላይ ነው።

እዚህ ላይ ልካችንን ልናውቅ ይገባናል። የዛሬ ስክሪኖች ማዕዘናቸው የተሞረደ ስለሆነ፣ ሠሪዎቹ ራሳቸው ልኬቱ የተወሰደው ማዕዘኑ ሙሉ እንደ ሆነ ተቆጥሮ መሆኑን በደቃቅ ጽሕፈት ያስታውቃሉ፤ ስለዚህ ከላይ የሰጠናቸው ስፋቶች ከሚታየው በጥቂቱ ይበልጣሉ። ደግሞም ስፋቱ የበለጠው ሁሉ የተሻለ ነው ብለን አልፈረድንም፤ ለንባብና ለፊልም የሚበጀው ወርድ በአንድ እጅ ለሚይዝ ሰው አውራ ጣት ይከብዳልና። ጂኦሜትሪ ስክሪኑን ይለካል እንጂ እጅን አይለካም፤ 202 ግራም የሚመዝነው አይፎን 8 ፕላስና 227 ግራም የሚመዝነው 16 ፕሮ ማክስ ከአልጋ ላይ ተጋድሞ ለሚያነብ ሰው ምን ያህል እንደሚለያዩ የሚያውቀው የያዛቸው ብቻ ነው።

የመመለስ መብት ምሥጢሩም የሚነሣው ከዚህ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው የሸማቾች መብት መመሪያ 14 ቀን የሰጠው፣ ዕቃውን በዓይኑ ሳያይ፣ በእጁም ሳይዝ በርቀት ለሚገዛ ሰው፣ እንዲሁም ሻጭ ከሱቁ ውጭ መጥቶ ለሚያዋውለው ሰው ነው። በፍራንክፈርት ሱቅ ገብቶ፣ ስልኩን አገላብጦ የገዛ ሰው ግን ሊመለከተው የሚገባውን እንደ ተመለከተ ስለሚቆጠር በዚህ ሕግ የመጸጸት መብት የለውም፤ ሱቁ ቢመልስለት በገዛ ፈቃዱ ነው። መብቱ ያለው ሰውም ዕቃው ከደረሰው ጀምሮ በ14 ቀን ውስጥ መተዉን ለሻጩ በግልጽ ማስታወቅ አለበት፤ ሻጩ መብቱን ሳይነግረው ቀርቶ እንደ ሆነ ዘመኑ በ12 ወር ይራዘማል። ሳጥኑን መክፈት መብቱን አያሳጣም፤ የኅብረቱ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 ገዢው መሸፈኛ ፕላስቲኩን የገፈፈውን ፍራሽ እንኳ መመለስ እንደሚችል ፈርዷል። ነገር ግን ምርመራው በሱቅ ከሚደረገው ካለፈ፣ ለምሳሌ ስልኩን ይዞ ሠርግ ሲቀርጽበት ከሰነበተ፣ ሻጩ የዋጋውን መቀነስ ሊያስከፍለው ይችላል።

በአሜሪካ ደግሞ ሐሳቡን ለለወጠ የሱቅ ወይም የኢንተርኔት ገዢ እንዲህ ያለ መብት የሚሰጥ አጠቃላይ የፌዴራል ሕግ የለም። የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን የሦስት ቀን ደንብ የሚመለከተው በቤት ደጃፍና በጊዜያዊ መሸጫ ስፍራ የሚደረገውን ሽያጭ ነው፤ አፕል የሚሰጠው 14 ቀን የኩባንያው የራሱ ውል ነው። በእስራኤል ሕጉ ከዚህ ይሰፋል፤ በርቀት የተገዛውን በ14 ቀን መሰረዝ ሲፈቅድ፣ ከገባ አምስት ዓመት ላልሞላው አዲስ ገቢ፣ ለአረጋዊና ለአካል ጉዳተኛ፣ ውሉ በንግግር ወይም በመልእክት ልውውጥ የተደረገ እንደ ሆነ፣ ጊዜውን እስከ አራት ወር ያደርሰዋል። ስልክ ደውሎ በማይገባው ቋንቋ የሚያግባባ ሻጭ ለገጠመው ቤተ እስራኤላዊ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ጸጸት ሌላ፣ ጉድለት ሌላ መሆኑን ሳይለዩ ስለዚህ ነገር መናገር አይቻልም። በኢትዮጵያ ባሉ ሱቆቻችን ግድግዳ ላይ የምናነበው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ማስታወቂያ ስለ ጸጸተኛ ገዢ ቢናገር ተቃዋሚ የለውም፤ ስለ ጉድለት ግን ሊናገር አይችልም። ፍትሐ ነገሥት ስለ መሸጥና መግዛት የራሱ አንቀጽ ነበረው፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለተሰወረ ጉድለት ኀላፊ እንዲሆን ደነገገ፤ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ጉድለት ያገኘ ሸማች በገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ዋጋው እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጠው። ስክሪኑ ሰፋብኝ ወይም ጠበበኝ ማለት ግን ጉድለት አይባልም።

ስለዚህ በውጭ አገር ያለ ዘመድ ለአዲስ አበባ ወንድሙ ስልክ ሲገዛ፣ ሳጥኑ እንደ ታሸገ ሻንጣ ውስጥ ሆኖ መንገደኛ እስኪገኝ የሚጠብቅ ከሆነ፣ የመመለሻው ዕድሜ ተቀባዩ ስልኩን ሳይዘው ያልቃል። ወንድምየው አስቀድሞ የያዘውን ስልክ ወርድ በማስመሪያ ለክቶ ሚሊ ሜትሩን ይላክ፤ ገዢውም ያን ቁጥር በሠሪው መግለጫ ላይ ካለው የገላ ወርድና ክብደት ጋር ያስተያይ፤ ዕቃው በደረሰ ዕለትም ሳጥኑን ከፍቶ፣ ስክሪኑንና ካሜራውን ፈትኖ፣ ደረሰኙን በራሱ ዘንድ ያስቀር፤ ስልኩ ቢመለስ የሚመለሰው በእርሱ እጅ ነውና።